ለጎረቤት የማይባለው ቃል

በሺ ዘጠኝ መቶ አምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ የጥምቀት ገበያ ሊደራ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ጧት ሸማ ተራ ከጋሼ ጠሃ ሱቅ ጓዳ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ባለሱቁ ጋሼ ጠሃ፣ ሁለተኛዋ ጎጃሜዋ ጎረቤታቸው እትዬ ፋናዬ፣ ሦስተኛው ግራ እጁን በሻሽ አስሮ ካንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ሾፌሩ ከበደ ነበሩ። አራተኛው የጋሼ ጠሃ የእኅት ልጅ ጠይብ ነው። በሩ ተዘግቷል። ከውጭ አንድ ገበያተኛ ሁለት ጊዜ አንኳኳና ተሳድቦ ሄደ።

ከበደ የአሰብን መንገድ የሚመላለስ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ይነዳል። ረዳቱ የጠይብ ታናሽ ወንድም ሐምዱ ነው። ከበደ ወሬውን የጀመረው፣ "ሐምዱ ጎበዝ ልጅ ነበር" ብሎ ነው፤ "ነበር" ሲል የቀረውን ሳይናገር ሁሉም ገባቸው። ቢሆንም ተናገረው። ወደ አሰብ ሲወርዱ ከባቲ ወዲያ ባለው ቁልቁለት ፍሬኑ እምቢ አለ፤ መኪናዋ ተገለበጠች። ሐምዱን ያገሩ ሰዎች በዕለቱ አጥበው፣ ሰግደውበት፣ እዚያው ቀበሩት። ከበደ ይኸን ሁሉ ሲያወራ ማንንም አላየም። ሲያይ የነበረው ጥግ ላይ የተከመረውን ነጠላ ነው።

ከዚያ በኋላ የተመከረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሐጀራ እንዴት ትስማ?

ሐጀራ የጠይብና የሐምዱ እናት፣ የጋሼ ጠሃ እኅት ናት። ባሏ የሞተ ጊዜ መርዶውን የነገራት ሽማግሌ አልነበረም። አትክልት ተራ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትመርጥ፣ አንድ ስሙን የማታውቀው ተሸካሚ ከነሸክሙ ቆም አለና፣ "ሶብሩን ይስጥሽ እንግዲህ" ብሏት አለፈ። የምታውቅ መስሎት ነው። እሷም የመረጠችውን ሽንኩርት በእጇ እንደያዘች ተነሥታ ሄደች። ሰው ያገኛት ሲመሽ በአማኑኤል በኩል ነው፤ ጫማዋን ጥላለች፣ የልጆቿን ስም ሲጠይቋት አታውቅም። ያን ክረምት ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር ከረመች። ሁለተኛ እንዲያ ያለ ነገር ቢመጣባት ተመልሳ እንደማትነሣ ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ እንዲህ ተወሰነ። መርዶውን የሚነግሯት የባሏ ታላቅ ወንድም ሸህ ይማም ናቸው። ከሐይቅ በቴሌግራም ይጠራሉ። ሲመጡ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዟት ሴቶች ተቀምጠው፣ ወጉ ሳይጓደል ይነገራታል። እስከዚያ ድረስ ስለ ሐምዱ ከጠየቀች መልሱ አንድ ነው።

"ደህና ነው" አሉ ጋሼ ጠሃ። "ሌላ ቃል አትጨምሩ። ደህና ነው። በቃ።"

እትዬ ፋናዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ነበርና ለቀቁት። "ውሸትም አይደል" አሉ። "አፈር የገባ ሰው ከእንግዲህ ምን ይሆናል? ደህና ነው።"

ሁሉም ወደ ጠይብ ዞሩ። ከእናቱ ጋር አንድ ቤት የሚኖረው እሱ ነው። ጠይብ ራሱን ነቀነቀ። ነጠላ ሲቋጭ ተጣጥፎ የዋለ ሰው እግሩ ይደነዝዛል፤ ቢቆነጥጡት የሌላ ሰው እግር ይመስለዋል። ጠይብን ሁለመናው እንዲያ ሆነበት። ወንድሜ ሞተ ብሎ በልቡ ለራሱ ነገረው። ስለ ሌላ ሰው ወንድም የሰማ መሰለው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ነጠላዎቹን እንደ ዘወትሩ በረንዳው ላይ ሰቀለ።

ሐጀራ የምትኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ ነው። ሸማኔ ሠርቶ ያመጣው ነጠላ ጫፉ እንደ ተበተነ ይመጣል፤ የተበተነውን ክር በመዳፏ እያከረረች፣ ሁለቱን እያጠላለፈች፣ ዘርፉን የምትቋጨው እሷ ናት። የጥምቀት ሰሞን ሲሆን እጇ አያርፍም። ልጆቿን የምታነጋግረውም እጇ ሲሠራ ነው፤ ዐይኗ ከክሩ ሳይነሣ።

ያን ማታ ራት ላይ፣ ከመንገድ ወሬ ይኖር እንደሆን ጠየቀችው። ጠይብ ሾፌሮች ነግረውኛል አለና፣ "ደህና ነው" ብሎ ጨረሰ። እሷም አልሐምዱሊላህ አለች። እሱ የቀረበለትን በላ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላወቀም።

በዚያ ቤት ግን "ደህና ነው" ሙሉ መልስ ሆኖ አያውቅም። ለምን እንዳልሆነ ከሥር መንገር ያስፈልጋል።

ጠይብ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሯል። እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ህንዳዊ ገና በሩን ገፋ ሲያደርግ ተማሪው ሁሉ ተነሥቶ ይቆም ነበር። መምህሩ "ሃው አር ዩ?" ይላል፤ ክፍሉ ባንድ አፍ "ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ሰር" ይላል። ቁርስ የቀመሰውም ያልቀመሰውም፣ ትናንት የተገረፈውም ፋይን ነው። አንድ ቀን ከፊት የሚቀመጥ፣ ወባ የያዘው ልጅ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ከሌሎቹ ጋር ፋይን አለና፣ ቃሉን እንደ ጨረሰ ወደቀ።

ያን ዕለት መምህሩ ቃሉን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው። ትርጉሙ ብዙ ነው አላቸው። ደህና ማለት ነው። ቀጭንና የላመም ማለት ነው፤ ክር ሊሆን ይችላል፣ ዱቄት ሊሆን ይችላል። ደመና የሌለበት ቀንም ፋይን ነው፤ እጅ ያማረበት ሥራም እንዲሁ። ደግሞ ሕግ የጣሰ ሰው የሚከፍለው መቀጫ ስሙ ይኸው ነው። ከኋላ አንዱ፣ ታዲያ እኛ በየቀኑ ደህና ነን ነው የምንለው ወይስ ተቀጥተናል ብሎ ክፍሉን አሣቀው። መምህሩም አብሮ ሣቀ። ቀጥሎ የተናገረውን ጠይብ አልረሳውም። እንዴት ነህ ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ሕመምህን ሊሰማ አይደለም፤ ፋይን በልና ተቀመጥ ነበር ያላቸው። የታችኛውን ከንፈር ከላይኛው ጥርስ አስነክቶ "ፍ" ማለትንም ያስተማራቸው ያን ቀን ነው።

ጠይብ ቃሉን ይዞ ቤት ገባ። ሐምዱ ትምህርት አልሆነለትም፤ ልቡ ከመኪና ሥር ነበር። ይኸን ቃል ግን ወደደው። ሲተኛ ፋይን፣ ሲነሣ ፋይን ሆነ። ሐጀራ ክሯን እያከረረች ስትሰማቸው ቆየችና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። ደህና ማለት ነው አሏት።

"ደህና ነኝ የማይል ማን አለ?" አለች። "በኛ አገር አልጋ የያዘውም ደህና ነኝ ይላል። ቤቱ የተቃጠለበትም አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ይላል። እሱን ለጎረቤት በሉ። ለኔ ያን የፈረንጁን ቃል በሉኝ። ያኔ እውነት መሆኑን አውቃለሁ።"

ጠይብ ቃሉ በፈረንጅ አገርም ለጎረቤት የሚባል እንደሆነ ሊነግራት አስቦ ነበር። ዐይን አፋር ስለሆነ ሳይናገር ቀረ፤ ውሎ ሲያድር ደግሞ የማያስፈልግ ሆነ፤ ቃሉ እዚያ ቤት ሌላ ነገር ሆኗልና። ሐምዱ ከአሰብ ተመልሶ ደጃፉ ላይ "ደህና ነኝ" ካለ፣ ሐጀራ ሸሚዙን ታስወልቀዋለች። አንድ ጊዜ የሞተር ውሃ ገንፍሎበት ጀርባው ተልጦ ያገኘችው እንዲያ ነው። "ፋይን" ካለ ግን ቀጥታ ወደ ገበታው ይሄዳል። ጠይብም እንደዚሁ። ከሦስቱ አንዳቸውም ያን ቃል በሐሰት ብለውት አያውቁም። አባት ሲሞት፣ ሐጀራ ዝም ባለችበት ክረምት፣ ቃሉ ጭራሽ ከቤቱ ጠፍቶ ነበር። መስከረም ላይ አንድ ጧት ሐምዱ እንዴት ነሽ ቢላት፣ ቀና ብላ "ፋይን" አለችው። ከዚያ ወዲህ ነው እንደገና ነጠላ መቋጨት የጀመረችው።

ዓርብም "ደህና ነው" ሲባል ዋለ። ጋሼ ጠሃ ምሳ ሊቀምሱ ጎራ ብለው ሳይቀመጡ "ሐምዱ ደህና ነው አሉ" አሏት። ውሃ የሚያመላልሰው ሰውዬም፣ ከሱቁ ተነግሮት ኖሮ፣ እንስራውን ሳያወርድ "ያ ልጅ ደህና ነው" አላት። እትዬ ፋናዬም ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ሌላ ጊዜ ሁለቱ ከተገናኙ የሚቀላለዱበት ነገር አንድ ነው። እትዬ ፋናዬ፣ ሐምዱ ቢያማትብልኝ ልጄን እድርለት ነበር ይላሉ፤ ሐጀራም፣ "መጀመሪያ አንቺ ስገጂ፣ ከዚያ ስለ ልጆቹ እናወራለን" ትላቸዋለች። ዓርብ ዕለት እትዬ ፋናዬ ዳቦውን ቆርሰው ሰጡ፣ ጉልበቷን ዳበስ አደረጉ፣ ሐምዱ ደህና ነው አሉ፣ ተነሡ። ስለ ልጃቸው አላነሡም። ጠይብ እናቱ በሩን ትኩር ብላ ስታይ አያት።

ከሁሉ የከፋውን የሠሩት ግን ጋሼ ጠሃ ናቸው፤ የሠሩትም ከርኅራኄ ነው። ልጇ አፈር ለብሶ እሷ ለሰው በዓል ዘርፍ ስትቋጭ ማሰቡ አልሆነላቸውም። ሐዘንተኛ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች እንጂ ሥራ አትሠራም። ሐዘንተኛ መሆኗን ባታውቅም እሳቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ጧት ለሐጀራ የተመደበውን ነጠላ ለሌላ ቋጪ ሰጡትና፣ ጠይብ ባዶ እጁን እንዲሄድ አዘዙት። ሸማኔው ዘግይቷል በላት አሉት። ጠይብ ሄዶ ሸማኔው ዘግይቷል አላት። የሸማ ተራ ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ ከግቢው በር ይታያል። ነጠላ የተሸከሙ ሰዎች በደጇ ያልፋሉ። ሐጀራ እሺ አለችው።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ አንዲት ፈረንጅ ሱቁ መጣች። ጋሼ ጠሃ እንደ ልማዳቸው ጠይብን ወደፊት ገፋ አደረጉት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ "ሃው አር ዩ?" አለችው።

"ፋይን፣ ታንክ ዩ" አላት።

አልከበደውም። ከንፈሩ ጥርሱን ነካ፣ ቃሉ ወጣ፣ አለቀ። ሴትዮዋ አንድ ነጠላ በሁለት ጣቷ አሻሸችና እሷም ለክሩ ይኸንኑ ቃል አለችለት፤ ቅጥነቱን ማድነቋ ነው። ጠይብ ነጠላውን አጥፎ ጠቀለለላት። ስትሄድ ቆሞ አያት። ቃሉን በመናገሩ አንድ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ምንም አልተሰማውም።

ዐሥር ሰዓት ገደማ ጋሼ ጠሃ ሸህ ይማምን ሊቀበሉ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄዱ፤ የደሴው አውቶቡስ ማምሻውን ይገባል። ጠይብም እናቱን ሊያይ ቤት ገባ። ሐጀራ ሁልጊዜ በምትሠራበት ቦታ፣ ስትሠራ በምትቀመጠው አቀማመጥ ተቀምጣ ነበር፤ እጇ ላይ ግን ክር የለም። መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ አንጋላ አስቀምጣቸዋለች። እንዲያ ሆነው አይቷቸው አያውቅም። በክር ብዛት ለስልሰው ያብረቀርቃሉ።

"ና ተቀመጥ" አለችው። ተቀመጠ።

"ሐምዱ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው፣ እማ።"

"እሱንማ ሰው ሁሉ ነገረኝ። ሳልጠይቅ ነገሩኝ።" ቀና ብላ አየችው። "እሱ ለጎረቤት ነው። የኛን በለኝ።"

ጠይብ አፉን ከፈተ። ቃሉ አጭር ነው። ህንዳዊው ፊት ቆሞ ስንት ጧት ብሎታል፤ ዛሬም ለፈረንጇ ብሏታል። የታችኛውን ከንፈሩን ከላይኛው ጥርሱ አስነካ። ትንፋሹ ወጣ። ሌላ ነገር አልወጣም። ሐጀራ ከንፈሩን እያየች ነበር። ጠበቀችው። በደጅ አንድ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀችው። ከንፈሩ እዚያው ጥርሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

"እሺ" አለች።

አልጮኸችም። ተነሥታ ወደ በሩም አልሄደች። ጠይብ ብትነሣ ሊይዛት እግሩን አዘጋጅቶ ነበር፤ እሷ ግን እጆቿን ገልብጣ ጉልበቷን ያዘችበት፤ ራሷን በራሷ ያዘች ማለት ይቻላል።

"ሸህ ይማም መቼ ይገባሉ?" አለች።

ስለ ሸህ ይማም ማንም አልነገራትም። እንዲህ ላለ ጊዜ የሚጠሩት ግን እሳቸው ናቸው።

"ዛሬ ማታ" አለ ጠይብ።

"እንግዲያ ተዋቸው፣ እሳቸው ይንገሩኝ። ወጉ የሳቸው ነው። ከሐይቅ ድረስ መጥተው ባዶ አፋቸውን አይመለሱ። አጎትህንም ታውቃለች እንዳትለው። ያፍራል።"

"እሺ።"

"መኪናዋ ነች?"

"ነች።"

"ቀብረውታል?"

"ሰግደውበት ቀብረውታል።"

ሐጀራ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ፊቱን መረመረችው፤ ሸሚዝ እንደምታስወልቅበት ጊዜ ዐይነት አስተያየት ነው። "አንተስ አለቀስህ?"

"አላለቀስኩም።"

"ነገ ታለቅሳለህ። አሁን ሄደህ ሥራዬን አምጣልኝ።"

ጠይብ ወደ ሱቁ ሄደ። የሚቋጭ ነጠላ ጓዳው ውስጥ ተከምሯል። ጋሼ ጠሃ ስላልነበሩ ማንን ይጠይቅ? ሦስቱን አንሥቶ ታቅፎ ተመለሰ። ሐጀራ የመጀመሪያውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ክሩን በጣቷ ለየች። ጫፉን ጠይብ እንዲይዝላት ሰጠችው። እሷ ስታከርር እሱ ወጥሮ ይዞ ተቀመጠ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ተነሥታ ሰገደች፤ ተመልሳም ቀጠለች። ስለ ሐምዱ ምንም አልተነጋገሩም። አንዴ ብቻ፣ ክሩ ሲበጠስ፣ የሸማኔውን ስም ጠርታ ዘንድሮ ፈትሉን አሳንሶታል አለች። ጠይብ እግሩ ደንዝዞ ነበር። እንዳይነቃነቅና ክሩ እንዳይረግብ ብሎ ዝም አለው።

ከመሸ በኋላ ከግቢው ማዶ የሰው ኮቴ ተሰማ። ሸህ ይማም ገብተው በጋሼ ጠሃ ቤት አረፉ። ሐጀራ ሰማች፤ ቀና አላለችም።

በነጋታው እሑድ፣ ሱብሂ እንደ ተሰገደ፣ ሰዎቹ መጡ። እትዬ ፋናዬ ከቀኟ ተቀመጡ፤ ከግራዋ ሌላ ሴት። ጋሼ ጠሃ በሩ ላይ ቆሙ፤ ቢያስፈልግ ሊዘጉት ነው። ሐጀራ ምነው በጧቱ፣ ምን እግር ጣላችሁ አለች፤ እንደ ወጉ። ሸህ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰጠው አላህ እንደሆነ፣ የወሰደውም እሱ እንደሆነ፣ ሐምዱ ከመንገድ እንደቀረ ቀስ ብለው ነገሯት፤ ሶብር አድርጊ አሏት። ሐጀራ መጀመሪያ ያየችው ጠይብን ነው። ከዚያ ሴቶቹ ክንዷን ሲይዟት ጮኸች፤ አለቀሰች። ሴቶቹ አጥብቀው ያዟት። የሚያስይዝ ነገር ግን አልነበራትም፤ ከተቀመጠችበት ፈቀቅ አላለችም።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ ጽናቷን አደነቀ። እትዬ ፋናዬ በየገባው ሰው ጆሮ፣ ወጉ ተጠብቆ በሽማግሌ አፍ ስለተነገራት ነው ይሉ ነበር፤ ከመንገድ ብትሰማው ኖሮ አለቀላት። ሸህ ይማም የተመሰገኑት እሳቸው እንደሆኑ ገብቷቸው አንገታቸውን ደፉ። ጠይብ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ማንንም አላረመም።

ያን ቀን አላለቀሰም። ማክሰኞም አላለቀሰም። ረቡዕ ጋሼ ጠሃ ሱቁን ከፈቱ፤ ሐጀራ የቋጨቻቸው ሦስት ነጠላዎች በጥምቀት ዋዜማ ተሸጡ።